ቪ8 ለሽምግልና

የአክስቴ ልጅ ከአላህና ከእናቱ ቀጥሎ የሚያምነው የጃፓን ሞተርን ነው። ቤቱ እንግዳ ሲመጣ ቡናው እስኪፈላ የፎቶ አልበም አያሳይም፤ እንግዳውን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣና ሞተር አስነስቶ ኮፈን ይከፍታል። «ስማው እስቲ» ይላል። እንግዳው ጆሮውን ያቀናል። ይህ ነው የሚባል ድምፅ የለም። «አየህ!» ይላል፤ የሚያኮራው አለመሰማቱ ነው።

መኪና የጀመረው በአሮጌ ዲኤክስ ነበር። ከዲኤክስ ወደ ሌላ ኮሮላ፣ ከኮሮላ ወደ ራቭ ፎር እያለ ወጣና በመጨረሻ ያለውን ሁሉ ሸጦ፣ ከሱቅ ሸሪኩም ድርሻውን አንስቶ፣ ዕድሜ የጠገበ ነጭ ላንድክሩዘር 200 ገዛ። አገሩ ሁሉ «ቪ8» እያለ የሚጠራውን ማለቴ ነው። ቤት የለው፣ ሚስት የለችው፤ ስምንት ሲሊንደር ግን አለው። እናቱ «ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ብር ቆርቆሮ ላይ?» ስትለው «እማ፣ ቶዮታ ቆርቆሮ አይደለም፤ ብር ይወርዳል እንጂ ቶዮታ አይወርድም» ብሎ መለሰላት። በዚህ እንኳ ልከራከረው አልችልም። በእኛ አገር ገዝተኸው፣ ዓመታት ነድተኸው፣ ልጆችህ ወንበሩ ላይ ጁስ ደፍተውበት፣ ከገዛህበት በላይ የምትሸጠው ዕቃ ከጃፓን መኪና ሌላ ብዙ አላውቅም።

መኪናው ከተገኘ በኋላ ሚስት ታሰበች። ልጅቷ የባቲ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ስትማር ነው የተዋወቁት። ሽማግሌ መላክ ነበረበት። አንደኛው ደሴ የሚኖሩት ሀጂ አጎታችን ሆኑ፤ ሁለተኛው ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። እኔ «ነገር ታሳምራለህ» ተብዬ ተጨመርኩ። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይሄድምና የአክስቴ ልጅ ለራሱ የሹፌርነት ማዕረግ ሰጠ፤ መኪናውን ለሌላ ሰው ከማስነዳት ክብሩን ቢያጣ ይሻለዋል። አራተኛው ሽማግሌ መኪናው ነበር። ይህን በአፉ አልተናገረም፤ ግን ከመነሳታችን በፊት ሲያጥበው፣ ሲወለውለው፣ ጎማውን ሳይቀር ጥቁር ሲቀባው ላየ ሰው ልጅቷን የሚለምነው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነሳን። አዲስ አበባ ናፍጣ ብርቅ የሆነበት ሰሞን ስለነበር ያገኘነው ግማሽ ጋን ብቻ ነው፤ «ኮምቦልቻ እንሞላለን» ተባለ። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁለቱን ስንይዝ ትምህርቱ ተጀመረ። መኪናው በኩርባ ላይ ገላውን የሚያጠነክርበት፣ ኮረኮንች ላይ ደግሞ እግሩን የሚያላቅቅበት ዘዴ አለው፤ የአክስቴ ልጅ ይህን በቃል ሳይሆን በመሪ አስረዳኝ። ቁርሴ ገባው፤ እኔም ገባኝ።

ከዚያ ወደ ሌክሰስ ተሻገረ። የመኪናው ታሪክ ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው። በ1983 የቶዮታው አለቃ ኤጂ ቶዮዳ ሹማምንታቸውን ሰብስበው ከዓለም ምርጥ የሚባሉትን የሚገዳደር መኪና መሥራት እንችላለን ወይ ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ አሜሪካ የጃፓንን መኪና የሚያውቀው በትንሽነቱ፣ በርካሽነቱና ነዳጅ ባለመብላቱ ነው፤ ክብር የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ጀርመን ላይ ነው። ሆንዳ በ1986 አኩራን ይዞ ቀድሞ ገባ። በ1989 ኒሳን ኢንፊኒቲን፣ ቶዮታም ሌክሰስ ኤልኤስ 400ን አወጡ። ሌክሰሱ ባለ አራት ሊትር ስምንት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። በማስታወቂያው ላይ ኮፈኑ ላይ የሻምፓኝ ብርጭቆ ደርድረው፣ መኪናውን ከቆመበት ጎማውን በከፍተኛ ፍጥነት ሲያሽከረክሩት አንድም ብርጭቆ አልወደቀም።

«እኔ ቤት ያሳየሁህ ምን መሰለህ?» አለኝ። «ያንኑ ነው። ብርጭቆ ስላልነበረኝ ነው እንጂ።»

«ሌክሰስ እኮ አልገዛህም።»

«ኧረ ተው! ሌክሰስ ኤልኤክስ የሚሉት ማነው? ይኼው እኮ ነው። ሻንሲው አንድ፣ አጥንቱ አንድ። ፊቱንና ወንበሩን አሳምረው ካባ ደረቡለት። እኔ ካባውን ነው የተውኩት።»

ካራቆሬን አልፈን፣ ከሚሴን አቋርጠን፣ የጨፋ ሜዳ በስተግራ ተዘርግቶ ከብቱ እስከ ሆዱ ሣር ውስጥ ገብቶ ሲታይ፣ እሱ አሁንም 1989 ላይ ነበር። ሌክሰስ በወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ኩባንያው ጥቃቅን ጉድለት ስላገኘበት እስከዚያ የሸጣቸውን ስምንት ሺህ ገደማ መኪኖች በሙሉ ጠራ። ባለቤቱ ጋራዥ አልተንከራተተም፤ መኪናውን ከደጁ ወስደው፣ ጠግነው፣ አጥበው፣ ነዳጅ ሞልተው መለሱለት። የሌክሰስ ስም በአሜሪካ የጸናው በሞተሩ ብቻ ሳይሆን በዚህ ነው፤ ሊያዋርደው የሚችለውን ነገር መከበሪያ አደረገው።

«ነዳጅ ሞልተው?» አልኩት፣ ጌጁን እያየሁ።

«ሙሉ!» አለኝ፣ መንገዱን እያየ።

ኮምቦልቻ ማደያው በር ላይ ገመድ ተስቦበታል። «ባቲ አይጠፋም» አለ ቀጂው፤ አነጋገሩ ላይ ግን እምነት አልነበረበትም። ደሴ ወጥተን ሽማግሌዎቹን ጫንን። ሀጂ መኪናውን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ማሻአላህ» ብለው ፊት ለፊት፣ ጋቢና ተቀመጡ። መምህሩ እግራቸውን ስለሚያማቸው በስተግራ እንዲዘረጉ ተደረገ። ለእኔ የቀረልኝ ከኋላ በስተቀኝ ያለው ወንበር ነው። በአገራችን ይህ ወንበር የማን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መነጽር አደርጋለሁ፤ ከሆዴም ትንሽ አለኝ።

ከኮምቦልቻ ደጋንን አልፎ ባቲ የሚወርደው መንገድ ጣሊያን ወደ አሰብ ያወጣው ነው። በእኛ አቆጣጠር እስከ 1990 ድረስ የአገሩ ዕቃና ነዳጅ የሚበዛው በዚህ ይመጣ ነበር፤ ኤንትሬው ተሳቢውን እየጎተተ ዳገቱን ሲያቃስት፣ ሹፌሩ ባቲ ሲደርስ ከቆላው ሐሩር ተርፌ ደጋ ልገባ ነው ብሎ ሲተነፍስ። መምህሩ ይህን ሁሉ ሲተርኩ የአክስቴ ልጅ ባቲ ቅኝት ያለበት ሙዚቃ ከፍቶ ድምፁን ቀነሰው፤ መኪናው ውስጥ የውጭ ጩኸት እንደማይገባ ለማሳየት። በእርግጥም አልገባም። የገባነው ሰኞ ቀን፣ ገበያው ሲጋጋል ነው። አፋሩ ጊሌውን ታጥቆ ግመል ይነዳል፣ ኦሮሞው በሬና ቅቤ፣ አማራውና አርጎባው እህልና ሸማ ይዞ መንገዱን ሞልቶታል፤ ይህ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ ይጣራል፣ እኛ ግን የምንሰማው ክራር ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በመስታወት ውስጥ ሆነን ያለ ድምፅ ስናየው፣ ሕዝቡም እኛን ያለ ድምፅ ያየን ነበር። እንዴት እንዳየን የገባን ቆይቶ ነው።

የልጅቷ ቤት ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል። ሹፌራችን ቀስ ብሎ አዞረና በሩ ፊት አቆመ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንድ ልጅ ብቅ ብሎ አየን፤ ተመልሶ ገባ። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ከውስጥ መወርወሪያው ሲገባ ሰማን፤ ያኔ እንኳ ሞተሩ አልጠፋም ነበር፤ ጸጥታው እንዲህ ነው። ሀጂ ወርደው በከዘራቸው አንኳኩ። «አባታችን የሉም» የሚል የልጅ ድምፅ መጣ። «የት ሄዱ?» «አባታችን 'የሉም በል' አሉኝ።»

ሀጂ ሳቃቸውን ዋጡት። የአክስቴ ልጅ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። እንግዳ ተቀባይነት የሞላበት የወሎ ቤት፣ በሰኞ ገበያ ቀን፣ ሽማግሌ ፊት በር ዘጋ!

«በኋላ እንመጣለን» ብለን ወደ ናፍጣው ዞርን። ናፍጣ የለም። ቦቴ ነገ ይገባል ይባላል፤ ነገ የተባለው መቼ እንደተባለ ግን ማንም አያውቅም። ስንመለስ የግመል መንጋ መንገዱን ዘግቶ ቆመ፤ እኛም ቆምን። መስታወቱን ለአየር ዝቅ ባደርግ አንዲት እናት ከየት መጡ ሳልል የተጣጠፈ ወረቀት በጄ አስጨበጡኝ።

«ጌታዬ፣ ስለ አላህ ብለው ይዩልኝ።»

ማመልከቻ ነው። ሟች ባላቸው ስላቆዩላቸው ቦታ የይዞታ ደብተር ይጠይቃል፤ ጠርዙ በመታጠፍ ብዛት ሳስቷል። «እማማ፣ እኔ ባለሥልጣን አይደለሁም» አልኳቸው።

«አብሽር ልጄ፤ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት።»

«ወላሂ አይደለሁም። መኪናው የዚህ ልጅ ነው።»

የአክስቴን ልጅ አዩት። የሹፌር ወንበር ላይ ነው ያለው። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ በሹፌሩ የሚያላክክ አለቃ አይተው እንደማያውቁ አልነበረም። ታርጋውን አሳየኋቸው፤ ሰማያዊ ኮድ 2፣ የግል። ታርጋ ማን ያነባል? እሳቸው የሚያነቡት ነጭነቱን፣ ትልቅነቱንና ከኋላ በስተቀኝ የተቀመጠውን ነው። ወረቀቱን ሳልመልስ ግመሎቹ መንገድ ለቀቁ፤ እማማ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ማመልከቻው ጭኔ ላይ ቀረ።

ያን ቀን ባቲ ውስጥ ዋጋ ሁሉ ለእኛ ብቻ ከፍ አለ። ሽርጥ ጠየቅሁ፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ከከፈለው እጥፍ ተጠራብኝ። አልጋ ያዝን፤ ልጁ መኪናውን አየና የተለጠፈውን ዋጋ ትቶ ከራሱ ጠራ። «የተለጠፈው እኮ ይኼ አይደለም» ብለው ሀጂ ቢጠይቁት «ያ ለመንገደኛ ነው» አለ። ሀጂ «እኛስ ምን መሰልንህ?» አሉት። መልስ አልሰጠም፤ በአገጩ ወደ ግቢው ጠቆመ።

በዚያች ከተማ መኪናውን እንደ መኪና ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የግመል ደላላ። አመሻሹ ላይ አቀማመጡን አሳምሮ ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ አገኘነው። ኦሮምኛ፣ አፋርኛና አማርኛ እያፈራረቀ ከጓደኞቹ ጋር ይማከራል። የአክስቴ ልጅ ተቆጥቶ ሊሄድ ነበር፤ ሰውየው ግን ጥያቄ ጀመረ።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

ተነገረው። በጣቱ የጎማውን ጥርስ ዳሰሰ፤ አጎንብሶ ሆዱን አየ፤ ዘይት የሚያንጠባጥብ መሆኑን ለማየት መሬቱን በመዳፉ አበሰ።

«አንዴ ከጠጣ ስንት ቀን ይሄዳል?»

የአክስቴ ልጅ ዓይኑ በራ። «ሁለት ጋን አለው! ሁለቱ ሲሞሉ 138 ሊትር ይይዛል። ወደ ሺህ ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።»

ደላላው ለጓደኞቹ ተረጎመ፤ ራሳቸውን በአክብሮት ነቀነቁ። «አሁንስ ጠጥቷል?» አለ። ዝም አልን።

«ሰው ሲወጣበት ይንበረከካል?»

ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ የአክስቴ ልጅ ግን አልሳቀም። «ይኼኛው አይንበረከክም» አለ፣ በቁም ነገር። «ወንድሙ ሌክሰስ ግን ይንበረከካል። ሲቆም ገላውን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው ሲገባ መልሶ ይነሳል።» ደላላው ለረጅም ጊዜ አሰበ። «እንግዲያማ እሱን ነበር መግዛት» አለው። ከዚያ ሞተሩን እንዲያስነሳ አዘዘው። ከኋላ ሄዶ እጁን ጭስ ማውጫው ላይ ደቅኖ መዳፉን አሸተተ። ተመለሰና በአጭሩ «ጤነኛ ነው» አለ። የአክስቴ ልጅ በሕይወቱ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የሰማ አይመስለኝም። በ1951 የመጀመሪያው ላንድክሩዘር የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ እንደወጣ፣ ስሙ ራሱ በ1954 እንደወጣለት፣ ሁሉንም አጫወተው። ሰውየው አዳመጠው። የምን ሥልጣን እንዳለን አልጠየቀም፤ ማመልከቻም አልነበረውም።

ማታ አልጋ ግቢው ውስጥ ሻይ ስንጠጣ ሀጂ በሩ ለምን እንደተዘጋብን ነገሩን። «በ1977 እዚህ ነበርኩ» አሉ። ባቲ ያኔ ትልቅ የረሃብ መጠለያ ነበረባት፤ ከየገጠሩ የመጣ ሕዝብ ሜዳውን ሞልቶት፣ ሌሊት ሌሊት የሚሞተው ጠዋት ጠዋት ይቀበራል። «እህል አራጋፊ ሆኜ ነው የሠራሁት። ነጭ ላንድክሩዘር በዚያ ቁልቁለት ሲወርድ ከታየ ዶክተር መጣ፣ ዱቄት መጣ ነው። ሕፃን ሳይቀር መኪናዋን ያውቃታል። በኋላ ያ ጊዜ አለፈ፤ ነጯ መኪና ግን መምጣቷን አልተወችም። አሁን ደግሞ ስብሰባ ይዛ ትመጣለች፤ ሜትር ይዛ፣ ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ሰዉ ምን ያድርግ? ያጣው ይሮጥባታል፤ ያለው በር ይዘጋባታል።»

የአክስቴ ልጅ ዝም ብሎ ቆየና «ሎንግ ቤዟ ገበያ ላይ የወጣችው በዚያው ሰሞን ነው፤ በፈረንጅ ኅዳር 1984» አለ። እስካሁንም ትመረታለች፤ ከኋላ በባሌስትራ የቆመች፣ ቅንጦት የሌላት፣ የትም የምትገባ። ሀጂ «እሷ ትሆናለች» አሉ። የቅንጡውም የዚያችም ዘር አንድ መሆኑ ያን ምሽት ለእኔም ገባኝ። ሰው ለቪ8 የሚከፍለው ለቆዳ ወንበሩ ይመስለኝ ነበር፤ ቆዳው ሥር ያለው ግን ያ በረሃ ገብቶ የሚመለሰው ነገር ነው፤ የሚያምኑት እሱን ነው።

ማግስቱን በእግር ሄድን። የአክስቴ ልጅ አልጋው ግቢ ከመኪናው ጋር ቀረ፤ ሙሽራ እንደመሆኑ ቀድሞም የሚገባው እሱ ነበር። ሀጂ ከዘራቸውን ይዘው «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ በሩ ሙሉ ተከፈተ። አባትየው በሩ ላይ ወጥተው ተቀበሉን። ቆመን ተናገርን፤ ተቀመጡ ተባልን፤ ቡና ተፈላ። ነገሩ መልክ ከያዘ በኋላ ሀጂ «ትናንት መጥተን አጣንዎት» አሉ።

«ትናንት?» አሉ አባትየው። «ትናንትማ መንግሥት መጥቶ ነበር። ቦታ ሊለካ ነው መሰል፤ ልጆቹ በር ዘጉበት።»

ሀጂ ዓይናቸውን ወደ ሲኒያቸው ሰበሩ፤ መምህሩ ሳል ያዛቸው። ነገር አሳማሪ ተብዬ የመጣሁት እኔ ያሳመርኩት ነገር ይኼ ብቻ ነው፤ ዝም አልኩ።

እሺታው ተገኘ፤ የኒካሁ ቀን ተቆረጠ። ቦቴውም እንደተወራው ገባ። ከሲኖትራክና ከአይሱዙ ኋላ ተሰልፈን ስንጠብቅ አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ «እናንተ ወደ ፊት እለፉ» አለን። የአክስቴ ልጅ ትንሽ አመነታና በወረፋችን እንቀዳለን አለ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየን፤ እንዲህ ያለ ቪ8 አይቶ አያውቅም።

ሽማግሌዎቹን ኮምቦልቻ አውርደን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ማመልከቻው ኪሴ ውስጥ ነበር። መጣል አይቻልም፤ መመለሻ አድራሻ የለውም። ከሚሴ ላይ የተጻፈለትን መሥሪያ ቤት ጠይቀን አገኘን። እማማ ለዚህ ወረቀት ከባቲ እየተመላለሱ ከዚህ በር ስንቴ እንደተመለሱ ማመልከቻው ላይ ተጽፏል፤ አንዴ ስብሰባ ነው፣ አንዴ ኃላፊው የሉም፣ አንዴ ጥበቃው የመጡበት ጉዳይ አልገባኝም ብሎ። እኛ ስንደርስ ጥበቃው ከሩቅ አየን፤ ብድግ አለ፤ በሩን በሁለት እጁ ገፍቶ ከፈተ፤ ፍተሻ የለ፣ መታወቂያ የለ፤ እጁን ወደ ግንባሩ አነሳልን። ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ከቢሮ ወጥቶ የመኪናዬን በር ከፈተልኝ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ተቀበለኝ፤ እዚያው በቆመበት አነበበ፤ መዝገብ ቤት አስገብቶ ቁጥርና ማህተም አስመትቶ ቅጂውን አመጣልኝ። ሞተሩ እንኳ አልጠፋም ነበር። ስንወጣ ጥበቃው «ከየት ነው የመጣችሁት?» አለን፤ «ከሽምግልና» አልነው።

የአክስቴ ልጅ እስከ ሸዋ ሮቢት አልተናገረም። ከዚያ «ያ ሁሉ የጃፓን መሐንዲስ» አለ፣ «የለፋው በር ለማስከፈት ነው?» ማጽናኛ ፈልጎ ነበር፤ እኔ ደግሞ «ለማስዘጋትም ጭምር» አልኩት።

ከሰርጉ በኋላ ቤት መከራየት ስለነበረባቸው መኪናው ለሽያጭ ወጣ። ገዢ ተብሎ የመጣው ሰው ኮፈን ክፈትልኝ አላለም፤ ጎማ አልዳሰሰም፤ ጭስ አላሸተተም። በቀጥታ ከኋላ በስተቀኝ ገብቶ ተቀመጠ፣ በሩን ዘጋ፣ ለመስታወቱ ጥቁር ፊልም ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጠየቀ። የአክስቴ ልጅ «አይሸጥም» አለው። «ስሟን ሳይጠይቅ ሊያገባት ነው እንዴ!» ብሎ ሲናደድ ያደረው እኔ ቤት ነው።

ሚስቱ ግን የባቲ ልጅ ናት፤ ገበያ የወጣ ነገር ሳይሸጥ ሲመለስ አትወድም። ክርክሩ ሳያልቅ ጥር 2016 መጣና መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከለከለ። አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላች፤ ቶዮታም ሳይቀር ቻይና የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪናው መንገዱ ላይ መጣ። ጃፓን ውስጥም አዲሱ ላንድክሩዘር 300 ቀድሞ፣ በፈረንጅ 2021፣ ስምንቱን ሲሊንደር ትቶ ወደ ስድስት ወርዷል። ያለው ቪ8 ሌላ የማይወለድለት ሆነ፤ ዋጋውም ወጣ። የአክስቴ ልጅ ደስታው ወሰን አጣ፤ ጠዋት ጠዋት ለደላላ እየደወለ የሚሰማውን ዋጋ ለሚስቱ ይነግራታል።

«ዛሬም ጨመረ!» ይላታል።

«አልሐምዱሊላህ» ትለዋለች፣ ለአከራዩ የምትሰጠውን ብር እየቆጠረች። «የጨመረውን የት ነው ያስቀመጥከው? ከዚህ ላይ ትንሽ ጎድሎኛል።»